ላሜራው ምን አጠፋ?

አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ የጠመንጃ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሁለት ክላሽ ጎን ለጎን ተጋድመዋል እንበል። ሁለቱም ለሲቪል ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር የሚተኩሱት አንዲት ጥይት ብቻ ነው። ሰደፋቸው ይመሳሰላል፣ የሚጎርሱት ጥይትም ያው 7.62 በ39 ነው። ዋጋቸው ግን በብዙ መቶ ዶላር ይራራቃል። ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ምክንያቱ ከካዝናው በላይ፣ በጎን በኩል ይታያል። ርካሹ እዚያ ቦታ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የምታክል ስርጉድ አለችው፤ ከፊትና ከኋላ ደግሞ የሪቤት ራሶች ተደርድረውበታል። ውዱ በጎኑ ሪቤት አይታይበትም፤ በትንሿ ስርጉድ ፋንታ ረዘም ያለ፣ በማሽን የተፋቀ ጎድጓዳ አለው።

የመጀመሪያው ላሜራ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሉህ በፕሬስ ተመትቶ፣ እንደ ሣጥን ታጥፎ፣ ወፋፍራም ብረቶች ከፊትና ከኋላው በሪቤት ተጣብቀውበት የተሠራ። ሁለተኛው ፍልፍል ነው። እንደ ላሊበላ ውቅር፣ ከአንድ ድፍን ነገር ተነሥቶ የማያስፈልገው ሁሉ እየተፈለፈለ የወጣለት፤ ልዩነቱ ፈልፋዩ መሮ ሳይሆን ፍሬዛ የተባለው መቁረጫ ማሽን መሆኑ ነው።

የመጀመሪያ ጠመንጃውን የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ፍልፍሉን ይመክረዋል። «ድፍን ብረት ነው፤ ለልጅህ ታወርሰዋለህ» ይሉታል። ላሜራ የሚለው ቃል በራሱ ለአማርኛ ጆሮ ጥሩ ስም የለውም። የድሮ መኪና የሚወደሰው ላሜራው በመወፈሩ፣ አዲሱ የሚታማው ላሜራው እንደ ቆርቆሮ በመሳሳቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ለላሜራው ጥብቅና የሚቆም ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያ ጠመንጃ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ለፍልፍሉ ወገን መሰጠት አለበት፦ ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ፍልፍልና ላሜራ የሚባለው አሜሪካኖች ሬሲቨር የሚሉት የመሣሪያው ገላ ነው፤ ቦልቱ የሚመላለስበት፣ ቃታው የተሰካበት፣ ካዝናውና አፈሙዙ የሚገናኙበት ብረት። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጠመንጃ ቁጥጥር ሕግ ጠመንጃ ብሎ የሚያየው ይህንኑ ገላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መለያ ቁጥሩ የሚቀረጸው እሱ ላይ ነው። ሰደፍ፣ መያዣ፣ መዶሻ፣ አፈሙዝ ሳይቀር በብዙዎቹ ግዛቶች ቤት ድረስ በፖስታ ይመጣሉ፤ አዲስ ገላ ሲገዛ ግን ፈቃድ ያለው ነጋዴ ፊት ቀርቦ ቅጽ መሙላትና ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ገዢው ሌላውን ሁሉ እያደር መለወጥ ይችላል፤ ገላው ግን ራሱ ጠመንጃው ነው። መጨነቁ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት፣ ከባድ ሁሉ የተሻለ፣ ቀላል ሁሉ የተቆጠበበት ስለሚመስለው ነው። የክላሽ የራሱ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይናገራል።

ሚካኤል ካላሽኒኮቭ የነደፈው ጠመንጃ የሶቪየት ጦር ትጥቅ የሆነው በ1949 ነው። ብዙ ሰው ሲሰማ የሚገረመው፣ ያ የመጀመሪያው ክላሽ ላሜራ ነበር። ንድፉ ከጅምሩ ርካሽ፣ ፈጣንና በፕሬስ የሚወጣ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ኢዥቬስክ ያለው ፋብሪካ ግን አቃተው። ሉሁ ሲታጠፍ ይጣመማል፤ ቦልቱ የሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች በብየዳ ሲያያዙ ሙቀቱ ገላውን ያዛባዋል፤ ከማምረቻው መስመር የሚወጣው ገላ ብዙው ውድቅ ይሆናል። ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆርጂ ሽፓጊን የነደፈውን ፔፔሻ መትረየስ ከላሜራ በሚሊዮኖች አምርተዋል፤ ነገር ግን የፔፔሻ ቦልት ወደፊትና ወደኋላ ከመመላለስ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም። ዞሮ የሚቆልፍ ቦልት ያለው ጠመንጃ የሚጠይቀው ልከኝነት ሌላ ነው።

በ1951 መሐንዲሶቹ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወደሚያውቁት ተመለሱ። ድፍን ብረት አምጥተው በፍሬዛ መፈልፈል ያዙ። ዘገምተኛ ነው፣ አባካኝ ነው፤ ከገባው ብረት አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። ግን ይሠራል። እንዲህ ስምንት ዓመት ያህል ቆይተው የላሜራውን ጥበብ ሲጨብጡ፣ በ1959 ኤኬኤም የተባለው አዲሱ ክላሽ ወጣ። ክብደቱ ያለ ካዝና 3.1 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ፍልፍሎች ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቀለለ። ይህ ማለት ወታደሩ በዚያው ድካም አንድ ተጨማሪ ሠላሳ ጎራሽ ካዝና ከነጥይቱ ይሸከማል ማለት ነው።

እንግዲህ ዛሬ በሱቅ መስኮት «ጥንታዊው፣ እውነተኛው» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ፍልፍል፣ በተወለደበት አገር ላሜራ መምታት ላቃተው ፋብሪካ የተገኘ ማፈግፈጊያ ነበር። የረቀቀው ሥራ ርካሹ ነው።

ላሜራ ይጣመማል፣ ይበሳል፣ ፍንዳታ አይችልም የሚለው ሥጋትስ? ይህ የሚመጣው ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ካለማየት ነው። ጥይቱ ሲነሣ ቦልቱ ዞሮ በሁለት ጥርሶቹ ፊት ለፊት ካለው ወፍራም ብረት ጋር ተቆልፏል። ይህ ትራኒየን የሚባለው ብረት አፈሙዙንም የያዘው ነው። ቀለሁን ወደኋላ የሚገፋው ግፊት ከቦልቱ ወደ ትራኒየኑ፣ ከትራኒየኑ ወደ አፈሙዙ ዞሮ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ላሜራው ግድግዳ እንጂ ምሰሶ አይደለም፤ ሐዲዱን ያቅፋል፣ መዶሻውን ይሸከማል፣ ካዝናውን ይይዛል። በፍልፍሉ ምሰሶውም ግድግዳውም አንድ ብረት ናቸው፤ በላሜራው ተለያይተው በሪቤት ተያይዘዋል። ስለዚህ የላሜራ ገዢ መመርመር ያለበት የሉሁን ውፍረት ሳይሆን ምሰሶውንና ሪቤቱን ነው።

ላሜራ ከክላሽ ጥይት የበረታ ማስተናገዱን ማየት የፈለገ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀውን ጂ-ስሪ ያንሣ። ምዕራብ ጀርመን ኤኬኤም በወጣበት በዚያው በ1959 ያስታጠቀችው ይህ ጠመንጃ ከክላሹ እጅግ የሚበረታውን 7.62 በ51 ጥይት ይተኩሳል፤ ገላው ላሜራ ነው። ክብደቱም ከአራት ኪሎ ያልፋልና ላሜራ ሁሉ ቀላል ነው ማለትም አይቻልም።

ድፍን ብረትን ለሚያመልክ ሰው ግን ከሁሉ የሚሻለው ትምህርት ያለው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1903 የወጣው ስፕሪንግፊልድ የአሜሪካ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተጠቀመባቸው ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። ገላው ላሜራ የለበት፣ ሪቤት የለበት፤ ተቀጥቅጦ በፍሬዛ የተሠራ ድፍን ብረት። በ1917 ግን አንዳንዶቹ ተኳሹ ፊት ላይ እንደ ሸክላ መሰባበር ጀመሩ። ምርመራው ወደ ምድጃው አመራ። ብረቱ ምን ያህል መጋሉን የሚወስነው መለኪያ ሳይሆን የነባር ሠራተኞች ዓይን ነበር፤ የፍሙን ቀለም አይተው በቃ ይላሉ። ችግሩ ፀሐይ በጠራችበት ቀን የጋለ ብረት ደመና ባለበት ቀን ከሚታየው ይልቅ የደበዘዘ መምሰሉ ነው። በጠራ ቀን ሠራተኛው ገና ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ብረቱ በዚያ መሃል ይቃጠላል። ተቃጥሎ የቀዘቀዘ ብረት ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመታ ግን ይፈረካከሳል።

በ1918 የሙቀት አሠራሩ ተለወጠ። ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ ሮክ አይላንድ ባለው ፋብሪካ ከተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት እስከ ዛሬ «ዝቅተኛ ቁጥር» እየተባሉ በጥርጣሬ ይታያሉ፤ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል እንጂ አይተኩስባቸውም። ነገሩን በዝርዝር መርምሮ የጻፈው ጁሊያን ሀቸር የተባለው የጦር መኮንን ነው። እነዚያን ጠመንጃዎች አሠራራቸው በፍሬዛ መሆኑ አላዳናቸውም፤ የገደላቸው ምድጃው ነው።

ለላሜራው መጠላት ታዲያ ምክንያት የለም ማለት አይደለም። ላሜራ ወደ ጦር መሣሪያ የገባው በጭንቅ ጊዜ፣ በጥድፊያ በር ነው። ጀርመኖች ኤምጂ 34 የተባለው መትረየሳቸው ድንቅ ቢሆንም አንዱን ለመሥራት 150 ያህል የሥራ ሰዓት ይፈጅ ነበር። መላውን ያመጣው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አልነበረም፤ ዶቤልን በተባለች ከተማ የቆርቆሮ ፋኖስ የሚሠራው የግሮስፉስ ኩባንያ ነው። መሐንዲሱ ቬርነር ግሩነር ስለ መትረየስ እምብዛም አያውቅም፤ ላሜራን ግን ያውቃል። ከፋኖስ ፋብሪካው የወጣው ኤምጂ 42 የሥራ ሰዓቱን ወደ 75 አወረደው። አሜሪካኖችም እንደዚያው፤ ወደ ሃያ ዶላር የሚፈጀውን ኤም 3 መትረየስ ያመረተላቸው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መብራት ክፍል፣ ኢንዲያና ውስጥ አንደርሰን ከተማ ያለው ነው። ወታደሩ የግራሶ ማጠጫ ብሎ ቀለደበት፤ እውነትም ይመስላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዳኙ ኅብረተሰብ ላሜራ ሲያይ የሚታየው ያ ግራሶ ማጠጫ ነው። ጥላቻው የተቋጠረው ግን በ1964 ነው። የጠመንጃ አምራቹ ዊንቸስተር ወጪ ለመቀነስ ሲል ሞዴል 70 እና ሞዴል 94 የተባሉ ጠመንጃዎቹን አቃለላቸው። አያቱ የያዘውን ሞዴል 94 የሚያውቅ ሰው አዲሱን ሲከፍት ጥይት የሚያነሣው ክፍል ከተመታ ላሜራ ተሠርቶ አገኘው። ተናደደ። ልክም ነበር፤ ዋጋውና ስሙ የድሮው ሆኖ ሥራው ሌላ ነውና። ዛሬም «ከ64 በፊት» የሚለው ሐረግ የአሮጌ ዊንቸስተር ዋጋ ይሰቅላል።

በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላው አምራች ሩገር 10/22 የተባለችውን ባለ 22 ካሊበር ትንሽ ጠመንጃ አወጣ። ገላዋ ፍልፍልም ላሜራም አይደለም፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። ማንም አላጉረመረመም፤ ለስንት አሜሪካዊ ልጅ የመጀመሪያ ጠመንጃው እሷ ሆነች። ከጅምሯ ለዚያ የተነደፈች እንጂ የሌላ ስም ለብሳ የመጣች አይደለችምና። እንዲያውም የመጀመሪያ ጠመንጃ መሆን ያለበት ክላሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የዚህ ጸሐፊ መልስ አይደለም ነው፤ ጥይቷ በሳንቲም የምትቆጠር፣ ትከሻ የማትመታ 22 ከማንኛውም ክላሽ በተሻለ ታስተምራለች።

ክላሽ ካልሆነ ብሎ ልቡ ለቆረጠ ግን ሚዛኑ እንዲህ ነው።

ፍልፍሉ የራሱ ጥቅም አለው። ክብደቱ ምቱን ይውጥለታል፤ ኤኬኤም ሲቀል አፈሙዙ ወደ ላይ እየሸሸ ስላስቸገረ ነው ጫፉ ላይ ያቺ ሰያፍ የተቆረጠች ቁራጭ የተጨመረችለት። ካዝናው እንደ ጥሩ መሳቢያ ገጥ ይላል። ቡልጋሪያ ውስጥ በጽጌረዳ ዘይቷ በምትታወቀው ካዛንላክ የሚገኘው የአርሴናል ፋብሪካ ዛሬም ፍልፍል ይሠራል፤ ሥራው በእጅ ሲያዝ ይታወቃል። ፊንላንዶች አርኬ 62 የተባለውን ክላሻቸውን በፍልፍል ሠርተው በኢላማ ትክክለኛነቱ ኮርተውበታል። እስራኤሎችም ጋሊልን ሲነድፉ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች የገነቡት በፊንላንዱ ገላ ላይ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ማንም አይክድም።

ግን ለማን? ለጀማሪ ተኳሽ የፊንላንድ ገላ የሚያመጣለት ትክክለኛነት ከራሱ የትንፋሽና የጣት ስሕተት በታች ተቀብሮ የሚቀር ነው። ለዕድሜ ብሎ ለሚጨነቀውም፣ በደንብ የተሠራ ላሜራ ገላ ከመድከሙ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙን ይጨርሳል፤ አፈሙዝ ደግሞ ይለወጣል። ላሜራው ቢሳሳ የሚከፋው ካለ፣ የሰርቢያው ዛስታቫ ለአሜሪካ ገበያ የሚልከው ዜድፓፕ ኤም 70 በአንድ ሚሊ ሜትር ፋንታ 1.5 ሚሊ ሜትር ሉህ አለው፤ ይህ ሶቪየቶች ለከባዱ አርፒኬ መትረየስ የመረጡት ውፍረት ነው።

ፍልፍሉን ለመግዛት ሲል ጥይት መግዣ ያጣ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ነው። ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የክላሽ ጥይት በአሜሪካ ርካሽ የነበረው ከሩሲያ በገፍ ይገባ ስለነበር ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2021 አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ ከከለከለ ወዲህ ያ ዘመን አልፏል። የዋጋው ልዩነት ለብዙ ካርቶን ጥይት፣ ለአንድ ሁለት ቀን አሠልጣኝና፣ ልጆች ላሉበት ቤት ከሁሉ በፊት ለሚመጣው ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይበቃል። ይህ ጸሐፊ ሣጥን የሌለው ፍልፍል ከሚያይ ሣጥን ያለው ላሜራ ቢያይ ይመርጣል።

ይህ ሁሉ ጥያቄ የማይመለከተው አንባቢም ብዙ ነው። በሜሪላንድ፣ ያውም ያ ሁሉ ሐበሻ በሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ጭምር፣ የክላሽ ዓይነት ጠመንጃ መሸጥ ከ2013 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ፍልፍልም ላሜራም አይልም። እዚህ አገር ቤትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ክላሽ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሶቪየቶች በ1977 የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ትጥቅ በአየርና በባሕር ሲያጓጉዙ ነው፤ ያኔ ሪቤት የሚቆጥር አልነበረም።

በሚፈቀድበት ግዛት ባንኮኒው ፊት ለቆመው ሰው ግን ሪቤት መቁጠር ይጠቅመዋል። ራሶቻቸው እኩል የተቀጠቀጡ፣ ከላሜራው ጋር ልጥፍ ያሉ፣ ዙሪያቸው ያልተሰነጠቀ መሆን አለባቸው። ትራኒየኑ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው ወይስ ቀልጦ የፈሰሰ? ይህን ሻጩን መጠየቅ ነው፤ የፈሰሰ ከሆነ ወይም ሻጩ ካላወቀ ወደ ሌላው ጠመንጃ ማለፍ ይሻላል። በጥቂት ሺህ ጥይቶች ውስጥ ቦልቱና አፈሙዙ መካከል ያለው ልክ እየሰፋ የሄደባቸው ክላሾች ዘንድ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተገኘው እዚህ ነው፤ ፍልፍል ሆኖ ቦልቱ የለዘበም ከዚያው ዕጣ አያመልጥም። ከኋላ ቆሞ የፊቱ ዒላማ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ካዝናውን ሰክቶ ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ማየት ነው። ትንሽ መወዛወዝ አይጎዳም። ያንን መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በመለኪያ ልኩን ቢያረጋግጥለት ደግሞ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ሻጩ ቅጹን ያወጣል። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ ካሊበሩን ይጽፋል፤ መለያ ቁጥሩን ከገላው ላይ አንድ በአንድ ይገለብጣል። ላሜራ ነው ፍልፍል ብሎ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለም።